ክር የሚንተራስባት ቁራጭ እንጨት
የሲጋር ሣጥን ጊታርና የሠሪዎቹ ዕውቀት

የሙዚቃ መሣሪያዎች ታሪክ ብዙውን ጊዜ የታላላቅ ሠሪዎች ታሪክ ሆኖ ይጻፋል። በኢጣሊያ አገር በክሬሞና ከተማ ቫዮሊን ሲሠራ ኖሮ በ1737 ያረፈው አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ፣ በ1833 ከጀርመን አገር ወደ ኒው ዮርክ ተሻግሮ የጊታር ሥራውን የጀመረው ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን፣ ሌሎችም እነርሱን የመሰሉ ጠቢባን በየመጽሐፉ ስማቸው ይነሣል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚህ ታሪክ ጎን ለጎን ግን ሌላ ታሪክ አለ። ይኸውም የሠሪው ስም ያልተቀረጸበት፣ ዋጋው በገበያ ያልተተመነ፣ ከተጣለ ሣጥን፣ ከተሰበረ የመጥረጊያ እጀታና ከወንፊት ሽቦ የተበጀ መሣሪያ ታሪክ ነው።

አሜሪካዊው ሠዓሊ ኤድዊን ፎርብስ በእርስ በርሱ ጦርነት ዘመን (ከ1861 እስከ 1865) የሰሜኑን ሠራዊት ተከትሎ ያየውን ይሥል ነበር። በ1876 ካሳተማቸው የብረት ቅርጽ ሥዕሎቹ በአንዱ ላይ በጦር ሠፈር ያሉ ሁለት ወታደሮች ይታያሉ። አንደኛው ከሲጋር ሣጥን የተሠራ ቫዮሊን ይጫወታል። ሥዕሉን ጠጋ ብሎ ለተመለከተ፣ በሣጥኑ ላይ «ፊጋሮ» የሚል የንግድ ምልክት ይነበባል። እንግዲህ የፋብሪካው ምልክት ለትውልድ ተላልፏል፤ ሣጥኑን ወደ ሙዚቃ መሣሪያነት የለወጠው ሰው ስም ግን በሥዕሉ ላይ የለም።

ይህ ልዩነት እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ተደርጎ መታለፍ የለበትም። ስለነዚህ መሣሪያዎች የሚጻፈው ሁሉ ስለ ሣጥኑ ያወራል። ሣጥኑ ያምራል፤ ወረቀቱ ኅብረ ቀለም አለው፤ ዓይን ይስባል። መሣሪያውን መሣሪያ ያደረገችው፣ በክሮቹና በሣጥኑ መካከል ቆማ የክሩን ንዝረት ለሣጥኑ የምታቀብለው፣ ከጣት የማትበልጥ ቁራጭ እንጨት ግን ታሪክ ጸሐፊ አጥታለች። ስለ ሠሪዎቹም ሲነገር «ችግር አስተማራቸው» ተብሎ ይታለፋል። በአገራችንም «ችግር በቅቤ ያስበላል» ይባላል። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። ችግር ሰውን ወደ ቁርጥራጭ ክምር ሊወስደው ይችላል፤ ከክምሩ ውስጥ የትኛው እንጨት እንደሚዘምርና የትኛው እንደሚያፍን ግን አይነግረውም። ይህን የሚያውቅ ጆሮ፣ እጅና አእምሮ ነው።

ሣጥኑን ፋብሪካ ሰጠ

ሲጋር የሚባለው ጥቅል ትምባሆ በአሜሪካ ቀድሞ በትልልቅ ማሸጊያና በበርሜል ይጓጓዝ ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ላይ ግን በትንንሽ የእንጨት ሣጥን መሸጥ ጀመረ። በ1860ዎቹ የዋሽንግተን መንግሥት የጦርነቱን ወጪ ለመሸፈን በትምባሆ ላይ ግብር ጣለ። በዚያው አሥር ዓመት በወጡት ሕጎች ሲጋር በሣጥን ተሞልቶ፣ ግብሩ የተከፈለበት መሆኑን የሚያረጋግጥ ቴምብር ተለጥፎበት እንዲሸጥ፣ ባዶው ሣጥንም ለሲጋር መያዣነት ዳግመኛ እንዳይውል ተደነገገ። 25፣ 50 ወይም 100 ሲጋር የሚይዙት ሣጥኖች ትምባሆው እንዳለቀ ለነጋዴው ምንም የማይፈይዱ ዕቃዎች ሆኑ። ከዚህም የተነሣ በየከተማውና በየመንደሩ እጅግ ብዙ ባዶ ሣጥን ተረፈ። ድሀው ዘርና ቁልፍ አስቀመጠበት፤ የልጆች መጫወቻ ሠራበት፤ ክርም ወጠረበት።

ሣጥኑ ለድምፅ ምቹ የሆነበት ምክንያት አለው። ብዙዎቹ የተሠሩት የስፔን ዝግባ ከሚባለው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሴድሬላ ኦዶራታ ተብሎ ከሚታወቀው የመካከለኛና የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ነበር። ይህ ዛፍ ስሙ ዝግባ ይባል እንጂ ዝምድናው ከማሆጋኒ ጋር ነው። እንጨቱ ቀላል ነው፤ መዓዛው ነፍሳትን ያርቃል፤ በስሱ ለመሰንጠቅም ይመቻል። ነጋዴው የመረጠው ትምባሆው እንዳይበላሽበት ነበር። ይሁን እንጂ ስስና ቀላል ጣውላ በቀላሉ ይርገበገባልና፣ ለትምባሆ የተመረጠው እንጨት ለሙዚቃም የሚሆን ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ ሣጥኑን ፋብሪካ ሰጠ ማለት ይቻላል። ሽቦውንም እንዲሁ ፋብሪካ ሰጠ፤ ከበር ወንፊት ይመዘዛል፤ የመጥረጊያ ጭራሮ ከታሰረበት ይፈታል። ብርኩማውን ግን ማንም አልሰጠም። እርሱን ሠሪው ራሱ ፈልጎ፣ ለይቶ፣ ጠርቦ፣ ደጋግሞ ሞክሮ ማግኘት ነበረበት። የሠሪው ዕውቀት የሚመዘነውም እዚህ ላይ ነው።

የብርኩማው ተግባር

የበገናና የክራር ተጫዋቾች ክሮቹ የሚያርፉበትን እንጨት ብርኩማ ይሉታል። ቃሉ ራሱ ብዙ ይናገራል። አባቶች ሲተኙ ጭንቅላታቸውን የሚያሳርፉበት የእንጨት መንተራሻም ብርኩማ ነውና። ክሩም እንደ ሰው ራሱን የሚያስደግፍበት ይሻል። መንተራሻው ልፍስፍስ ከሆነ ክሩ ይሰምጣል፤ ከመጠን በላይ ከባድ ከሆነም የክሩን ድምፅ ያፍነዋል።

ነገሩን በፊዚክስ ዓይን ስናየው እንዲህ ነው። ቀጭን ክር ብቻውን ሲርገበገብ የሚገፋው አየር እጅግ ጥቂት ስለሆነ ድምፁ ከአንድ ክንድ አልፎ አይሰማም። ንዝረቱ ግን በብርኩማው በኩል ወደ ሣጥኑ ክዳን ሲሻገር፣ ክዳኑ ሰፊ ስለሆነ ብዙ አየር ይገፋል፤ ድምፁም ቤት ይሞላል። ብርኩማው እንግዲህ አቀባይ ነው። አቀባይ ደግሞ ከተቀበለው ለራሱ ባስቀረ መጠን የሚያደርሰው ያንሳል። ለስላሳ እንጨት የንዝረቱን ጉልበት በውስጡ ያባክነዋል። ከባድ እንጨትም ለመንቀሳቀስ ስለሚዘገይ በተለይ ቀጫጭኑንና ጥርት ያለውን ድምፅ ይውጠዋል። የቫዮሊን ተጫዋቾች ድምፁን ማለዘብ ሲፈልጉ በብርኩማው ላይ ትንሽ መቆንጠጫ መሰካታቸው ለዚህ ምስክር ነው። መቆንጠጫው ከክብደቱ በቀር የሚጨምረው ነገር የለም፤ ያው ክብደት ግን ድምፁን ለማፈን ይበቃል።

በፋብሪካ ጊታር ላይ ይህ ክፍል በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በክዳኑ ላይ በሙጫ የሚጣበቀው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሮዝውድ ወይም ከዞጲ የሚሠራው ሰፊ እግር ነው። ሁለተኛው በእግሩ ላይ በተቆፈረው ቦይ ውስጥ የሚገባው፣ ክሮቹ በቀጥታ የሚንተራሱበት ቀጭን የአጥንት ጠርዝ ነው። በአንገቱ ጫፍ፣ ከመቃኛዎቹ አጠገብ ደግሞ ሌላ ትንሽ ጠርዝ አለ። ክሩ የሚዘምረው በነዚህ በሁለቱ ጠርዞች መካከል ባለው ርዝመቱ ብቻ ነው። ድሀው ሠሪ ሮዝውድም ዞጲም አልነበረውም። ሁለቱንም ጠርዞች ከወደቀ እንጨት፣ ከአጥንት ወይም ከብረት ቁራጭ ማግኘት ነበረበት።

የተሰበረው እጀታ፣ የፈረሰው በርሜል

በእርስ በርሱ ጦርነት ማግሥት ባርነት በሕግ ቢወገድም፣ የደቡቡ አሜሪካ ጥቁር ገበሬ በአብዛኛው የሌላውን መሬት እያረሰ ምርቱን የሚያካፍል ጢሰኛ ሆኖ ቀረ። ዘሩንና መሣሪያውን በብድር ይወስዳል፤ ጥጡ ሲሰበሰብ ብድሩን ከፍሎ እጁ ባዶ ይቀራል። በ1890ዎቹ በፖስታ የሚታዘዙ ርካሽ የፋብሪካ ጊታሮች በካታሎግ መሸጥ ቢጀምሩም፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ ጥቂት ዶላርም ሩቅ ነበር። ልጆቹም በግቢው ውስጥ ካለው ነገር መሥራት ጀመሩ።

በዚያ ግቢ ውስጥ ምን ዓይነት እንጨት ነበር? በመጀመሪያ የሥራ መሣሪያዎች እጀታ አለ። በአሜሪካ የመጥረቢያ እጀታ የሚሠራው በአብዛኛው ሂኮሪ ከሚባለው ዛፍ ነው። ይህ እንጨት ጠጣር ነው፤ ምት ይችላል፤ በአገራችን ወይራ ያለውን ዓይነት ክብር ያለው ነው። ሁለተኛ የፈረሰ በርሜል አለ፤ የበርሜል ግድግዳ ደግሞ ነጭ ኦክ ከሚባለው እንጨት ይሠራ ነበር። ሦስተኛ የተሰበረ ወንበር አለ፤ እግሩና መወጣጠሪያው ሜፕል ከሚባለው ወይም ከሌላ ጠጣር እንጨት ሊሆን ይችላል። በመጨረሻም የፍራፍሬና የዕቃ ማሸጊያ ሣጥን አለ፤ ይህ ግን ብዙውን ጊዜ ፓይን ከሚባለው ለስላሳ እንጨት የተመታ ነው።

ከነዚህ ሁሉ ለማግኘት የሚቀለው ፓይን ነው። ለብርኩማ የማይሆነውም እርሱው ነው። አንድ የብረት ክር ጊታር ላይ ሲወጠር ውጥረቱ በተለምዶ ከ7 እስከ 12 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ይሆናል። ሦስት ክር ያለው መሣሪያ እንግዲህ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ውጥረት ሊሸከም ነው። ቀጭኑ ሽቦ ለስላሳውን ፓይን እንደ ቢላዋ ይከፍተዋል። ብርኩማው ዕለት ዕለት ዝቅ ይላል፤ ክሩ አንገቱን እየነካ ይንጫጫል፤ ቅኝቱም አይጸናም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው የእንጨቱ ጥንካሬ ነው። ፈተናውም ቀላል ነው፤ በጥፍር ሲጫኑት ምልክት የሚይዝ እንጨት ሽቦ አይችልም።

ሁለተኛው መመዘኛ ድርቀቱ ነው። ትኩስ የተቆረጠ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃል። የፋብሪካ ሠሪዎች ይህን ለማስቀረት እንጨቱን ለዓመታት በመጋዘን ያቆዩታል። በድሀው ግቢ የወደቀው የወንበር እግር ግን ሃምሳ ዓመት በምድጃ አጠገብ ሲደርቅ የኖረ ሊሆን ይችላል። ከተጣለ ነገር ውስጥ ሀብት ነበር ማለት ነው። ይህን ሀብት የሚያገኘው ግን የሚለይ ሰው ብቻ ነው። ቁራጯን ድንጋይ ላይ ጥለው ያዳምጧታል። የደረቀችና የጠነከረች እንደ ሆነ ጥርት ያለ ከፍተኛ ድምፅ ትሰጣለች። እርጥበት ያላት ወይም የበሰበሰች እንደ ሆነ ድብን ያለ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

ሦስተኛው የእንጨቱ ቃጫ አቅጣጫ ነው። ቃጫው ከብርኩማው ርዝመት ጋር መሄድ አለበት፤ ክሮቹም አቋርጠውት ማለፍ ይገባቸዋል። ይህ ሲዛባ ለክሩ የተቆረጠው ቦይ የስንጥቅ መጀመሪያ ይሆናል። አራተኛው መጠኑ ነው። ጠንካራው እንጨት ከተገኘ በኋላ ሳይዳከም እስኪቀል ድረስ ይጠረባል፤ ከላይ ይቀጥናል፤ ከታች ደግሞ ክዳኑን ያለ ክፍተት እንዲረግጥ ይሞረዳል። በእግሩና በክዳኑ መካከል ብርሃን ከታየ ንዝረቱም በዚያው ይባክናል።

ከዚህ በኋላ አንድ ትልቅ ችግር ይቀራል። ስሱ የሲጋር ሣጥን ክዳን የክሩን ጉተታ ሁሉ ቢሸከም ይነቀላል። ሠሪዎቹ ለዚህ ያገኙት መፍትሔ በምሕንድስና ዓይን ቢታይ የሚያስመሰግን ነው። አንገቱን በሣጥኑ ውስጥ አሳልፈው በሌላው ጫፍ ያወጡታል፤ ክሮቹንም እዚያው በአንገቱ ጭራ ላይ ያስራሉ። ጉተታውን ሁሉ ጠንካራው ዘንግ ይሸከማል። በብርኩማው ላይ የሚያርፈው ወደ ታች የሚጫነው ኃይል ብቻ ሲሆን፣ ክሩ ከብርኩማው በኋላ በመጠኑ ዝቅ ሲል ይህ ኃይል የውጥረቱን ሩብ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ብርኩማው ሙጫ አያስፈልገውም፤ የክሩ ጫና ብቻ ያቆመዋል።

ሙጫ አለመኖሩ ድህነት ይመስል ይሆናል፤ እንዲያውም ጥቅም ነበረው። ክር በትክክል በአጋማሹ ላይ ሲያዝ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ ድምፅ መስጠት አለበት። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ይህ ቦታ በ30 ሴንቲ ሜትር ላይ ይውላል። በተግባር ግን ክሩ በጣት ሲጫኑት ስለሚለጠጥ ድምፁ በጥቂቱ ይሾላል፤ ብርኩማውም በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ መሳብ ይኖርበታል። የተጣበቀ ብርኩማ ከተሳሳተ ተሳሳተ። ያልተጣበቀው ግን በሠሪው ጆሮ እየተመራ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ድምፁ የገጠመበትም ቦታ ላይ ይቆማል።

ከግድግዳ እስከ ጠፈር

የዚህ ዕውቀት የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የቤቱ ግድግዳ ነበር። በሚሲሲፒና በአካባቢው የጥቁር ገበሬ ልጆች ከመጥረጊያ የተፈታ ሽቦ በእንጨት ቤታቸው ግድግዳ ላይ በሁለት ምስማር ይወጥራሉ። ከሽቦው ሥር በየጫፉ ጠርሙስ ወይም ድንጋይ ይሸጉጣሉ። በአንድ እጃቸው ሽቦውን እየመቱ በሌላው ጠርሙስ ወይም ብረት ያንሸራትቱበታል። ዲድሊ ቦው የሚባለው ይህ ነው። ሣጥኑ ቤቱ ራሱ ነው፤ ብርኩማው ጠርሙሱ ነው። የሙዚቃ ተመራማሪው ዴቪድ ኤቫንስ በ1970 ባሳተመው ጥናት የዚህን ባለ አንድ ክር መሣሪያ ዝምድና ከአፍሪካ መሣሪያዎች ጋር አያይዞ መርምሯል። ልጁ ጠርሙሱን ሲያጠብቀው ድምፁ እንደሚሾል፣ በድንጋይ ሲተካው ቃናው እንደሚለወጥ በዚህ ተማረ። ከግድግዳው ወደ ሲጋር ሣጥን ሲሸጋገርም ባዶ አእምሮ ይዞ አልነበረም።

ከዚህ ትምህርት ቤት የወጡት ሰዎች የምዕተ ዓመቱን ሙዚቃ ቀይረዋል። በአርካንሶ የእርሻ መንደር ያደገው ቢግ ቢል ብሩንዚ የመጀመሪያ ቫዮሊኑን ከሲጋር ሣጥን እንደ ሠራ ተናግሯል። የቴክሳሱ ላይትኒን ሆፕኪንስ ልጅ ሳለ የሲጋር ሣጥን በስቶ፣ ጣውላ ቸንክሮበት፣ የወንፊት ሽቦ ወጥሮ ጊታር እንዳበጀ በገዛ አንደበቱ ገልጿል። ደራሲው ራልፍ ኤሊሰን በ1958 በጻፈው ድርሰት አብሮ አደጉ ቻርሊ ክርስቲያን በኦክላሆማ ሲቲ ተማሪ ሳሉ ከሲጋር ሣጥን በሠራው ጊታር ጓደኞቹን ያስደንቅ እንደ ነበር ያስታውሳል። ይህ ልጅ በ1939 በቤኒ ጉድማን ኦርኬስትራ ውስጥ ገባ። በ1942 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት ዕድሜው ገና 25 ነበር። በዚያች አጭር ዕድሜ ውስጥ ግን የኤሌክትሪክ ጊታርን በጃዝ ውስጥ በግንባር የሚናገር መሣሪያ አደረገው።

ስለ ዓይነ ስውሩ ዘማሪ ስለ ብላይንድ ዊሊ ጆንሰንም የመጀመሪያ ጊታሩ አባቱ ከሲጋር ሣጥን የሠራለት እንደ ነበር ይነገራል። ጆንሰን በ1927 በሸክላ ካስቀረጻቸው ዜማዎች አንዱ በ1977 ወደ ጠፈር በተላኩት የቮያጀር መንኮራኩሮች ላይ ከምድር ድምፆች ጋር ተካትቷል። ዘማሪው ራሱ ግን በ1945 ቴክሳስ ውስጥ በቦሞንት ከተማ፣ ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ፣ በድህነት ሞተ። ዜማው ከፀሐይ ቤተሰብ ወሰን ሲያልፍ ባለቤቱ ጣሪያ አላገኘም። ስለ ድሀ ጥበብ ሲነገር ይህ አብሮ መነገር አለበት። ድህነቱን እንደ ጌጥ የሚያወሳ ጸሐፊ ይህን ሰው ዳግመኛ ይበድለዋል።

ስሙ የተጻፈው የማን ነው?

ዕውቀቱ ከእርሻው ወደ መጽሐፍ ሲሻገርም የሆነው ያው ነበር። በኋላ በ1910 የአሜሪካን ቦይ ስካውት ድርጅት ካቋቋሙት አንዱ የሆነው ዳንኤል ካርተር ቢርድ፣ በ1880ዎቹ ከሲጋር ሣጥን ባንጆ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስተምር ጽሑፍ ለወጣቶች አቀረበ። መሣሪያውን የሰየመው «የአጎት ኢኖስ ባንጆ» ብሎ ነበር። «አጎት» የሚለው መጠሪያ በዚያ ዘመን ነጮች «አቶ» ብለው ሊጠሩት ያልፈለጉትን አረጋዊ ጥቁር የሚጠሩበት ስም እንደ ነበር ማስተዋል ይገባል። የከተማ መካከለኛ መደብ ልጆች መጽሐፉን ይዘው ለዕረፍት ጊዜ መዝናኛ ሠሩት። ለእነርሱ ጨዋታ የሆነው ለገበሬው ልጅ ብቸኛው መንገድ ነበር። በመጽሐፉ ሽፋን ላይ የደራሲው ስም ታትሟል። ዕውቀቱን በዘመናት ያከማቹት እጆች የቀራቸው በ«አጎት» መጠሪያ ሥር መጠቀስ ነው።

የባንጆ ሥር መሠረትም አፍሪካ ነው። በሴኔጋምቢያ የሚኖሩት የጆላ ሕዝቦች አኮንቲንግ የሚባል ከቅል የተሠራ፣ ፊቱ በቆዳ የተለበጠ ባለ ክር መሣሪያ አላቸው። በቆዳው ላይ የሚቆመው ብርኩማ ያልተጣበቀ፣ በክሩ ጫና ብቻ የሚጸና ነው። በባርነት ተግዘው አትላንቲክን የተሻገሩት ሰዎች መሣሪያቸውን ባይዙም ዕውቀታቸውን ማንም ሊቀማቸው አልቻለም። ቅል ሲገኝ ቅል፣ ሣጥን ሲገኝ ሣጥን ተጠቀሙ፤ ልቅ የሆነው ብርኩማ ግን ቦታውን አልለቀቀም። በደቡብ አፍሪካም የኮይኮይ ሕዝቦች ከአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ራምኪ የሚባል ጊታር መሰል መሣሪያ ይጫወቱ ነበር። ገበቴው ከቅል ወደ ዘይት ቆርቆሮ ሲለወጥ፣ ተመራማሪው ፐርሲቫል ከርቢ በ1934 ባሳተመው መጽሐፍ መዝግቦታል። ኢትዮጵያዊው የሙዚቃ ሊቅ አሸናፊ ከበደም በ1982 በእንግሊዝኛ ባሳተመው፣ የጥቁሮችን ሙዚቃ ሥረ መሠረት በሚመረምረው መጽሐፉ የአፍሪካንና የጥቁር አሜሪካን ቅርስ በአንድ ላይ አጥንቷል።

በአገራችንም ይኸው ሂደት ይታያል። የክራር ገበቴ በብዙ ቦታ ከእንጨት ወደ ብረት ሳህን ተለውጧል፤ ጅማቱም ወደ ናይለንና ወደ ብረት ሽቦ ተሸጋግሯል። ይህን የሚያይ አንዳንድ ሰው ባህሉ ጠፋ ብሎ ያዝናል። ብርኩማውን ያየ ግን ሠሪው አሁንም ያንኑ ጥያቄ እየጠየቀ መሆኑን ይረዳል፤ ክሩ በየት ይንተራስ? በየትኛው እንጨት? በምን ከፍታ? አዝማሪውም በማሲንቆው ቆዳ ላይ ብርኩማውን አንድ ጣት ያህል ገፋ አድርጎ ሲያዳምጥ፣ በገና ደርዳሪውም በክሩና በብርኩማው መካከል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ሸጉጦ ያን ልዩ ዝማሜ ሲያወጣ፣ ሁለቱም የሚሠሩት በዚያችው በቁራጯ እንጨት ላይ ነው።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

ከ1990ዎቹ ወዲህ የሲጋር ሣጥን ጊታር በአሜሪካና በአውሮፓ እንደ ገና ተወዳጅ ሆኗል። በእጃቸው መሥራት የሚወዱ ሰዎች ቅርሱን በማክበር ያበጁታል፤ ይህም መልካም ነው። በሌላ በኩል ከፋብሪካ የወጡ፣ ሆን ተብሎ ያረጁ እንዲመስሉ የተደረጉ መሣሪያዎች በገበያ ላይ ይሸጣሉ። ድህነት ራሱ ሸቀጥ ሆኗል ማለት ነው። ሸቀጡ የሚያሳየው ሣጥኑን ነው፤ የሚሰውረው ደግሞ ምርጫውን ነው። ገዢው ቁርጥራጭ እንጨት ፊት ቆሞ ይህችን ልያዝ፣ ያቺን ልተው ብሎ አያውቅም።

የኪነ ጥበብ ታሪክ የሠሪውን ፍርድ ካልመዘገበ የዕቃ ዝርዝር ሆኖ ይቀራል። በየሙዚየሙ የሕዝብ መሣሪያ ሲሰበሰብ የገበቴው ዓይነትና የክሩ ብዛት ይጻፋል፤ ብርኩማው ከምን እንጨት እንደ ተጠረበ፣ እንጨቱ ከመጥረቢያ እጀታ ወይም ከወንበር እግር መጥቶ እንደ ሆነ፣ ሠሪው ለምን እንደ መረጠው ግን አይጠየቅም። ጥያቄው ደግሞ መጠየቅ ያለበት ሠሪው በሕይወት ሳለ ነው። መምህራን በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቻቸውን ከአንድ ባዶ ሣጥን ጋር አምስት ዓይነት ቁራጭ እንጨት ሰጥተው፣ አምስቱንም በተራ ከክር ሥር አቁመው እንዲያዳምጡ ቢያደርጉ፣ ፊዚክስንም ታሪክንም ባንድነት ያስተምራሉ። አንዱ እንጨት ያፍናል፤ አንዱ ይሰነጠቃል፤ አንዱ ይዘምራል። ተማሪው ለምን እንደ ሆነ ሲጠይቅ፣ ከመቶ ዓመት በፊት በጥጥ እርሻ ዳር የተቀመጠው ልጅ የጠየቀውን ጥያቄ ይጠይቃል።

ያ ልጅ ስሙ ባይታወቅም ሥራው ይታወቃል። ቁርጥራጭ በተከመረበት ቦታ ፓይኑን ትቶ ሂኮሪውን አነሣ። በጥፍሩ ተጫነው፤ ድንጋይ ላይ ጥሎ አዳመጠው፤ በቢላዋ ጠርቦ ከሽቦው ሥር አቆመው። ችግሩ ሌሎች የጫኑበት ነበር። ምርጫው ግን የራሱ ነበር፤ ታሪክም ሊያስመዘግብለት የሚገባው ይህንኑ ምርጫውን ነው።